ወሬ ነጋሪ

አማርኛ የአንድን ጦር ፈጽሞ መደምሰስ ሲናገር ሬሳ አይቆጥርም፤ «ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» ይላል። አባባሉ ከመለመዱ የተነሳ ምን እንደተሸከመ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። የጥፋት መለኪያው የወደቀው ሰው ብዛት መሆኑ ቀርቶ የተናጋሪ መታጣት ሆኗልና። አንድ ሰው ቢተርፍ፣ ቆስሎም ይሁን ጋሻውን ጥሎ የሸሸ፣ ጦሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ በዚያ ሰው አንደበት ገና አለ። ወሬ ነጋሪው ጀግና ይሁን ብሎ የሚጠብቅ የለም። እንዲያውም ጀግኖቹ ወድቀው እሱ ቆሞ መገኘቱ ብቻውን ያስጠረጥረዋል። ቢሆንም ያለ እሱ የወደቁት ጀግንነት የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ የተጠረጠረው ሰው ላልተጠረጠሩት ይመሰክራል። ጦርነትን በቴሌቪዥን የሚዘግብ ጋዜጠኛ ምን ዓይነት ሰው ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሊነሳ የሚገባው ከዚህ ጥንታዊ ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ ያላቸው ይመስላሉ፤ መምሰሉ የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ግን ይገባል።

ቃሉ ራሱ ሁለት ፊት አለው። «ምን ወሬ አለ?» ሲባል የሚጠየቀው የሆነው ነገር ነው፤ «ተወው፣ ወሬ ነው» ሲባል ደግሞ ያው ቃል ያልሆነውን ይጠራል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች «ዜና» የሚለውን የግዕዝ ቃል ሲይዙ ከዚህ ጥርጣሬ የሸሹ ይመስላል፤ የነገሥታቱ ታሪክ «ዜና መዋዕል» የተባለበት የከበረ ቃል ነው። ተናጋሪውም «ወሬ ነጋሪ» መባሉ ቀርቶ «ዘጋቢ» ሆነ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ጥርጣሬው ባለበት ነው። ሰው «በዜና ተነገረ» ሲል አንዳንዴ ማረጋገጡ ነው፣ አንዳንዴ ማሾፉ፤ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ከፊቱ ነው።

የጥንቱ ወሬ ነጋሪ ሊዋጋ ሄዶ ነው የተረፈው። መትረፉን አላቀደውም፣ ደረሰበት እንጂ። የጦርነት ዘጋቢ ግን ገና ከቤቱ ሲነሳ ሊተርፍ ነው የሚነሳው፤ ሞቶ የሚልከው ዘገባ የለምና። ጥይት የማይበሳው ሰደርያው፣ ጋዜጠኛ መሆኑ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት የራስ ቁሩ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው የመመለሻ ቲኬት፣ ሁሉም «ይህ ሰው የዚህ ነገር አካል አይደለም» የሚሉ ምልክቶች ናቸው። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚያምነው የነበረን ሰው ነው፤ የነገሩ አካል ያልሆነ ሰው ታዲያ ነበረ ሊባል ይችላል? በእኛ አገር «ነበርኩ» ለማለት በአካል መገኘት ብቻ አይበቃም። ለቅሶ ላይ ነበርኩ የሚል ሰው ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠ እንጂ በመንገድ ሲያልፍ ጩኸቱን የሰማ አይደለም። ዘጋቢው በመንገድ ከሚያልፈው ይበልጣል፣ ከተቀመጠው ያንሳል። ይህ መካከለኛ ቦታ ስም አልተገኘለትም። በደብረ ማርቆስ ቡና ቤትም ሆነ በለንደን አዳራሽ ሰዎች ለዘጋቢ የሚያቀርቡት ጥያቄ፣ አትፈራም ወይ፣ የማን ወገን ነህ፣ ሰው ሲሞት እያየህ እንዴት ትቀርጻለህ የሚለው ሁሉ፣ ይህን ስም ፍለጋ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የፍርሃት ጥያቄ ነው። የዋህ ይመስላል፤ ጠያቂው ግን የሚመዝነው ዋጋን ነው። ይህ ሰው ለያዘው ወሬ ምን ከፈለ? ዋጋ የተከፈለበት ወሬ በነጻ ከተገኘው ይልቅ ይታመናል። ኢትዮጵያን ለዓለም በማሳየት ስሙ የታወቀው ኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የዚህ ሚዛን ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን በያዘ በሳምንቱ፣ በከተማዋ ውስጥ የነበረ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን የግራ ክንዱን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ። አሚን በሰው ሠራሽ ክንድ ወደ ካሜራው ተመለሰ። የሞተው ግን በጦር ሜዳ አልነበረም፤ ህዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ቤቱ፣ ሲሄድ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዋጋ አልከፈለም የሚል የለም።

ነገር ግን ዋጋ የእውነት ማስረጃ ይሆናል ወይ? ከድንጋይ ጀርባ በደረቱ የተኛ ሰው በዚያች ሰዓት በደንብ የሚያየው ድንጋዩን ነው። የውጊያውን መልክ ይበልጥ የሚያውቀው ምናልባት ከኋላ ካርታ ዘርግቶ የተቀመጠው መኮንን ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ምስክር ብሎ የሚጠራው የለም። ስለዚህ ቅርበት የሚሰጠው እውቀትን ሳይሆን የመናገር መብትን ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱ ዘወትር ይምታታሉ። መብቱም ቢሆን በእኩል አይታደልም። ፈንጂው ዘጋቢውንና የድምፅ ባለሙያውን አይለይም፤ ስም የሚያወጣው ዓለም ግን ይለያል። ከነዚህም በታች መንገድ የሚያውቀው ሾፌር አለ፣ ቋንቋ የሚያቀናው አስተርጓሚ አለ። እነሱ ቤታቸው እዚያው ነው፤ ካሜራው ሲሄድ ጎረቤታቸው «ያን ቀን ያመጣኸው ፈረንጅ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። በጥንቱ ፍቺ ወሬ ነጋሪ የሚባል ካለ፣ ለዚህ ስም የሚቀርቡት እነሱ ናቸው።

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው የጎጃም ከተማ ደብረ ማርቆስ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ነጋሪ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ከጉዳዩ አያርቅም። ማርቆስ ወንጌላዊ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ አይደለም፤ ትውፊቱ እንደሚለው የጻፈው ከጴጥሮስ አፍ የሰማውን ነው። ክርስቶስ በተያዘበት ሌሊት ግን፣ በእሱ ወንጌል ውስጥ ብቻ፣ ሲይዙት ልብሱን ጥሎ ራቁቱን ያመለጠ አንድ ጎልማሳ ይታያል። ማን እንደሆነ አልተጻፈም። ብዙዎች ራሱ ማርቆስ ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነ የከተማዋ ባለ ስም «ፈርተህ ነበር ወይ?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ መስመር መልሶ፣ ስሙን ሳይጠራ፣ ወደ ታሪኩ ተመልሷል። የዛሬ ዘጋቢዎች ፍርሃታቸውን ለመንገር መጽሐፍ ሙሉ ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የማን ወገን ነህ የሚለው፣ የበለጠ ያስቸግራል፤ ለእሱ የሚሆን ታሪክም እዚያው ደብረ ማርቆስ አለ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ገቡ። በእንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራውና «የጌዴዎን ኃይል» የተባለው ትንሽ ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ በቡሬና በደምበጫ በኩል ገፋ። በመጋቢት መጨረሻ ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለቀው ወደ አባይ አፈገፈጉ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ገቡ። ስለ ዘመቻው የጻፉ ሰዎች በዚሁ ሰሞን ሆነ የሚሉት አንድ ነገር አለ። በተያዘው ምሽግ ውስጥ የጣሊያኖች ስልክ ሳይቆረጥ ቀርቶ ኖሮ በሌላው ጫፍ፣ በአባይ መሻገሪያ በኩል፣ ገና ያልሸሹ ጣሊያኖች ነበሩ። ከጦሩ ጋር ይጓዝ የነበረው የክርስቲያን ሳይንስ ሞኒተር ጋዜጣ ዘጋቢ፣ አሜሪካዊው ኤድመንድ ስቲቨንስ፣ ጣሊያንኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር። ዊንጌት ስልኩን አስያዘው። ስቲቨንስም እንደ ጣሊያናዊ ሆኖ ብዙ ሺህ የእንግሊዝ ጦር ወደ እነሱ እየመጣ እንደሆነ ነገራቸው። በሌላው ጫፍ የነበሩትም ደንግጠው ስፍራውን ለቀቁ ይባላል። የተባለው ጦር አልነበረም።

ስልኩን ያነሳው እጅ ያን ጊዜ የማን ነበር? የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፤ ምስክር የነበረ ሰው ተዋጊ ሆነ፣ መስመሩን አለፈ። ትንሽ ሲታሰብ ግን መስመሩ የት እንደነበረ ይጠፋል። ስቲቨንስ ከዚያ በፊትም ከጦሩ ጋር ሲጓዝ፣ ከጦሩ ስንቅ ሲበላ፣ በጦሩ ጠመንጃ ሲጠበቅ ነበር። ጦሩ ቢሸነፍ እሱም ይያዝ ነበር። ስልኩ የሠራው ነገር ቢኖር ቀድሞ የነበረውን ወገንተኝነት በድምፅ ማውጣቱ ነው ሊባል ይችላል። ይህ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ከማንኛውም ጦር ጋር የሚጓዝ ዘጋቢ ሁሉ ወገን ከሆነ፣ በዘጋቢና በሰላይ መካከል ያለው ልዩነት ስልክ አለማንሳት ብቻ ሊሆን ነው፤ ያን ያህል ቀጭን ልዩነት ደግሞ ሸክም አይችልም።

ምናልባት መውጫው ዘጋቢ ለማን እንደሚናገር መጠየቅ ይሆናል። ምስክር የሚዋሸው ምስክርነቱን ለሚጠብቀው ሰው ሲዋሽ ነው። የስቲቨንስ ሰሚዎች ቦስተን የሚታተም ጋዜጣ አንባቢዎች ነበሩ፤ የአባይ ዳር ጣሊያኖች የእሱን ዘገባ አልጠበቁም። እነሱን ማታለሉ የጦርነት ተንኮል ነው፣ ለአንባቢው ቢያደርገው ግን ክህደት ይሆን ነበር። ክርክሩ ያስኬዳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያሳርፍም። ጣሊያኖቹ ያመኑት ድምፁን ነው። በሚናገረው ቋንቋ፣ በአነጋገሩ፣ «እዚያ ያለ ሰው ነው የሚነግረን» በሚለው ስሜት አመኑት። አንባቢዎቹም ስቲቨንስን የሚያምኑት በዚሁ ነው፤ እዚያ በመሆኑ። ምሽግ ውስጥ በሐሰት ያዋለው ነገር ጋዜጣው ላይ በእውነት የሚያውለው ያው የመኖር ሥልጣን ነው። አንድ ዓይነት ሳንቲም በሁለት ገበያ።

በዚያው ዘመቻ ጆርጅ ስቲርም ነበረ። በ1927 የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፤ ጣሊያን ከተማዋን ከያዘች በኋላ ተባረረ፤ በዓመቱ ደግሞ የስፔኗን የጌርኒካን በቦምብ መውደም ለዓለም ያሰማ እሱ ነው። ወደ ጎጃም የተመለሰው ግን የብሪታንያ ጦር መኮንን ሆኖ ነው፤ ሥራው በአማርኛ የታተሙ ወረቀቶችንና የድምፅ ማጉያን ይዞ በጣሊያን ሥር የተሰለፉትን የአገር ልጆች ማስኮብለል ነበር። ስቲር ከስቲቨንስ ይልቅ ሐቀኛ ነበር ቢባል ስህተት አይሆንም፤ ወገኑን ሲመርጥ ልብሱን ቀየረ።

ለጎጃም ሰው ግን ይህ ሁሉ ክርክር ከመሃል የተጀመረ ይመስላል። የውጭ ዘጋቢዎች በብዛት አዲስ አበባ የተከማቹት በ1927 እና በ1928 ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ እዚያ ነበሩ፤ አይተው ጻፉ። በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ስትያዝ ግን ለብዙው ዓለም ጦርነቱ አለቀ። ያለቀው ዘጋቢዎቹ ስለወጡ ይሁን ወይስ ዘጋቢዎቹ የወጡት ስላለቀ፣ ያን ጊዜ የጠየቀ ጥቂት ነው። በጎጃም ደጋ አላለቀም ነበር። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው በየፊናቸው ሲዋጉ ካሜራም የባዕድ ጋዜጣም አጠገባቸው አልነበረም። ወሬ ነጋሪ ግን ሞልቶ ነበር፦ ፎካሪው፣ ሸላዩ፣ ማሲንቆ ያዢው፣ በአንገቱ ደብዳቤ አንጠልጥሎ ሌሊት የሚሻገረው መልእክተኛ። አባባሉ እዚህ ላይ ያላሰበው ነገር ገጠመው። ነጋሪ ተርፎ ሰሚ ቢጠፋስ? አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ሐረግ የለውም፤ የምስክርነት ግማሹ ጆሮ መሆኑን ግን አምስቱ የወረራ ዓመት አሳይቷል። አርበኛን «ለምን ገለልተኛ ዘጋቢ አልነበረህም?» ብሎ የሚጠይቅም አይገኝም፤ ጎረቤቱ ሲቃጠል ገለልተኛ የሚሆን ሰው በዚያ አገር ስሙ ሌላ ነው።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ይህ የጆሮ ችግር የተፈታ መሰለ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸውን፣ ማይክል ቡርክ የተናገረበትን የረሀብ ዘገባ አሰራጨ፤ ምስሉ በብዙ አገር ጣቢያዎች ታየ፣ ሙዚቀኞች ተነሱ፣ እህል ተላከ። ከጥቂት ሳምንት በፊት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀለም ሥርጭት ጀምሮ ነበር፤ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመትና ለኢሠፓ ምሥረታ በዓል። ዓለም ኮረምን ሲያይ የአገሩ ሰው ሰልፉንና ቀዩን ባንዲራ በቀለም ሲያይ ሰነበተ። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይን ተከፈተ፣ አንዱም ሌላውን አላየም።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚነሳው ከእንዲህ ያለ ምስል ፊት ነው። ሕፃን እያጣጣረ እንዴት ካሜራ ይያዛል? የተለመደው መልስ «መቅረጼ ነው እርዳታዬ» የሚል ነው፤ ኮረም ለዚህ መልስ የሚጠቀስ ትልቁ ማስረጃ ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። ግን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ካሜራው በተነሳባት ደቂቃ ውጤቱን የሚያውቅ አልነበረም። ያየው አሥር ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ድርጊቱ ሌላ ይባል ነበር? በተቀረጸው ሰው በኩል ሲታይ ደግሞ «እርዳታ» የሚለው ቃል ይንሸራተታል። የተረዱት ሌሎች ናቸው፤ ያ ሕፃን የሌሎቹ ምልክት ሆነ። አማርኛ ይህን ነገር በሥርወ ቃሉ ይዞታል፤ «ምስል»፣ «ምሳሌ»፣ «መሰለ» ከአንድ ግንድ ናቸው። ምስል ነገሩን ያሳያል፣ ምሳሌ አንዱን ስለ ብዙው ያቆማል፣ «መስሎኝ ነበር» የሚለው ደግሞ የተሳሳተ ሰው ነው። ካሜራ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይሠራል።

መሳሳቱ ከቀራጩ እጅ እስከሚወጣ እንኳ ላይጠብቅ ይችላል፤ ከወጣ በኋላ ግን ማንም አይቆጣጠረውም። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ የሠራው ለእንግሊዝ ተመልካች ነበር፣ የጠየቀውም እርዳታ ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ያው ፊልም በቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች እየተቆራረጠ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የተራበው ሰው ያው ነው፣ ፊቱም አልተለወጠም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ምስል ግን ምጽዋት መለመኛውን የክስ ወረቀት አደረገው። ዘጋቢው ስለየትኛው ይጠየቃል? ያየውን አሳይቷል፤ የታየው ግን እሱ ያየው ብቻ አይደለም። «ያሳየኸን እውነት ነው?» የሚል ሰው አንድ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ ሳያዝን አይቀርም፤ እውነቱ በቁራጩ ውስጥ ሳለ ሐሰቱ በስፌቱ ሊገባ ይችላልና። ስፌቱን የሚሠራው ደግሞ ፈጽሞ ጦር ሜዳ ያልሄደ ሰው ነው።

የጥንቱ ወሬ ነጋሪ ከዚህ ሁሉ የዳነው ሰሚዎቹን በስም ስለሚያውቃቸው ነው። የመርዶ ሥርዓት ከዚህ እውቀት የተሠራ ነው። በጎጃም ገጠር መርዶ ማታ አይነገርም፣ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ አዝማድ ቀድሞ ይሰማል፣ ይመካከራል፤ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነጋሪው ሽማግሌ ፊት ለፊት ሲቆም ሁለት ጠንካራ ሰዎች ከኋላ ይቆማሉ፣ የምትወድቀውን እናት ሊይዙ። ወሬው የሚነገረው የሚይዝ ክንድ ሲገኝ ነው። ቴሌቪዥን በማታው የ2 ሰዓት ዜና ለሁሉም እኩል ይናገራል፤ ከተመልካቹ ጀርባ ማን እንደቆመ አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። ይህ የዘጋቢው ጥፋት አይደለም፤ የሥራው ተፈጥሮ ነው። ለማያውቀው ሰው የሚናገር ሰው እንዴት አድርጎ በጥንቃቄ ይናገር?

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ከጎጃም ብዙ ወጣት ዘመተ፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ደግሞ ጥቂት ነበር። ዜናው ሲደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ መሣሪያው ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ተገልጦ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሕፃናት መሬት ላይ፣ ሽማግሌዎች መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ዘጋቢው ማይክሮፎኑን ይዞ ስለ ድልና ስለ ተያዘ ኮረብታ ይናገራል፤ ወንዶቹ እሱን ያዳምጣሉ። ልጇ የዘመተባት እናት ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መስታወቱ ትጠጋለች። የምትፈልገው ቃሉን አይደለም። ወሬ ነጋሪ ጋራውን ዞሮ ሲመጣ እናቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ነው የምትጠይቀው፤ ማን አሸነፈ ሳይሆን አየኸው ወይ? ከዘጋቢው ጀርባ ወታደሮች በሰልፍ ያልፋሉ፣ አንገታቸው ላይ ሻሽ፣ ፊታቸው አቧራ። እሷ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ከመሃል ግን ሦስት አራቱ አይታዩም፤ የዘጋቢው ትከሻ ከልሏቸዋል፤ እሷም አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል ታደርጋለች፣ ከትከሻው ባሻገር ለማየት።